ከአዲሱ ችካል በፊት የቆየው ቃል ይፈጸም፦ ለዩኒቨርሲቲው አመራር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲው የበላይ አመራሮች
እንዲሁም ለካምፓስ ማስፋፊያ ሥራው ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ሳንጠየቅ በማሳችን ላይ ስለተተከለው ችካልና ካለፈው ማስፋፊያ ሳይፈጸም ስለቀረው ቃል

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ከካምፓሳችሁ አጥር ጋር ተጎራብቶ የሚኖረውን ሕዝብ ወክዬ ነው። የዩኒቨርሲቲውንም የቀበሌያችንንም ስም አልጻፍኩም። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ እኛንም ታውቁናላችሁ። የማንንም ስም ማጥፋት አንፈልግም። የምንፈልገው ሥራው እንዲስተካከል ነው።

በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዎች በነጭ ፒካፕ መጡ። ባለሦስት እግር መቀየሻቸውን አውርደው ማሳ ለማሳ መዞር ጀመሩ። ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል እየለኩ ይተክላሉ። ሁለት ጊዜ ታርሶ፣ ጓሉ ተከስክሶ፣ በቆሎ ሊዘራበት የደረሰ ማሳ ውስጥ ሳይቀር ተከሉ። ባለቤቱ ሮጦ ሄዶ «ምን ልትሠሩ ነው?» አላቸው። «እኛ ቀያሾች ነን፤ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቁ» አሉት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ውኃ ጠይቀው ጠጡ፣ አመስግነው ሄዱ። ማታ ከተማሪዎቼ ጋር ዞሬ ስቆጥር 41 ችካል አገኘሁ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደን ጠየቅን። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መራን። ሌላው «ገና ጥናት ላይ ነው» አለን። ወደ ቀበሌ ስንሄድ «በደብዳቤ አልደረሰንም» ተባልን። እስካሁን አንዲት ወረቀት የሰጠን የለም።

ችካል ለእናንተ እንጨት ሊሆን ይችላል። ለገበሬ ግን ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ሰኔ ገብቷል። ማዳበሪያ ገዝቶ፣ ጉልበት ከፍሎ ይዝራ ወይስ ይተው? ቢዘራ ግሬደር መጥቶ ቢያርሰውስ? ቢተወው ደግሞ ማንም ባይመጣ ዓመቱን ምን ይበላል? ከመንደራችን ሦስት ሰዎች እስከዛሬ ዘር አላወረዱም። ማሳቸው በአረም እየተሸፈነ ነው። ይህ ኪሳራ በማንም ካሳ ውስጥ አይገባም፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ ከመሬቱ የተነሳ ሰው የለም።

ትምህርትን የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት ከዚሁ ግቢ ነው። የሰፈሬ ልጆች ውስጥ በእግሩ እየተመላለሰ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የመጀመሪያው ልጅ ነበርኩ። ማታ ከላይብረሪ ስወጣ መብራቱ ከቤታችን ደጃፍ ይታይ ነበር። እናቴ በዚያ መብራት ሰዓት ትቆጥር ነበር።

ባሕር ዳርንም ትምህርት እንዳሳደጋት እናውቃለን። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ሲከፈት ከተማዋ ትንሽ ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመምህራን ማሠልጠኛው ፔዳ ተከተለ። ዛሬ ባጃጁ «ፖሊ! ፔዳ!» እያለ ሲጣራ የሰፈር ስም ነው የሚጠራው። ግቢ የቆመበት ቦታ ከተማ ይሆናል። የኛም መንደር ነገ ከተማ መሆኑ አይቀርም። ለዚህ ነው አሁን የምንጮኸው። መንገዱና ቦዩ ዛሬ ተበላሽቶ ከተሠራ የልጅ ልጆቻችንም ከብልሽቱ ጋር ይኖራሉ።

አሁን ወደ ቅሬታችን ልግባ። ያለፈው ማስፋፊያ የመጣው የዛሬ 12 ዓመት ገደማ ነው። ያኔ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ቃል ተገብቶልን ነበር። ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ፊርማና ማኅተም አለበት። ኮፒው እጃችን ላይ ነው። እያንዳንዷን ነገር የምናነሳው ከዚያ ወረቀት ተነስተን ነው።

መጀመሪያ መንገዳችን። ከመንደራችን ወደ አስፋልቱ የሚወስደው የእግር መንገድ ዛሬ ካምፓሱ ባለበት መሬት መሃል ያልፍ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የምንሄደው በዚያው ነው። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቃለ ጉባኤው «የእግረኛ መተላለፊያ አይዘጋም» ይላል። የድንጋይ አጥሩ ሲገነባ ግን መንገዱ ተዘጋ። በምትኩ የኋላ በር የሚባል የብረት በር ተተከለ። በሩ የሚከፈተው የዕቃ መኪና ሲገባ ብቻ ነው። አሁን አስፋልት ለመድረስ አጥሩን ዞረን አንድ ሰዓት እንሄዳለን። ክረምት ላይ ያ ዙሪያ ጥምጥም ዋልካ ነው። ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ አህያም ይተኛበታል።

ባለፈው ነሐሴ የሆነውን ልንገራችሁ። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጎረቤቴን ምጥ ያዛት። ሁለተኛ ልጇ ነው። አምቡላንስ ተደወለ፤ መጣ። ግን በዚያ ጭቃ መንደር ድረስ መግባት ስለማይችል አስፋልቱ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሹፌሩ ነገረን። ቃሬዛ አሰናድተን ስድስት ሆነን ተሸከምናት። እኔ ከኋላ በግራ በኩል ይዤ ነበር። ዝናቡ ይወርዳል። በአጥሩ ማዶ የአምቡላንሱ መብራት ሲሽከረከር ይታየናል። በግቢው ውስጥ ቢያሳልፉን አጠገባችን ነበር።

የኋላ በር ጋ ደርሰን አንኳኳን። ውስጥ ያለው ጥበቃ ከጎረቤት ቀበሌ የመጣ ልጅ ነው። «ቁልፉ የፈረቃ ኃላፊው ጋ ነው» አለን። ደወለለት፤ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። እሷ ቃሬዛው ላይ ሆና ጥርሷን ነክሳለች። በመጨረሻ ልጁ የዝናብ ልብሱን አወለቀና በብረቱ መካከል አሳለፈልን። ከዚያ በላይ ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረም። ፊቱን አዙሮ ሲያለቅስ አየሁት።

አጥሩን ተከትለን መዞር ጀመርን። ማዕዘኑ ላይ ስንደርስ «አውርዱኝ» አለች። እዚያው፣ የአጥሩ ድንጋይ ሥር፣ በዚያ ልጅ የዝናብ ልብስ ተሸፍና ወለደች። አብረዋት የመጡት አማቷ ናቸው ያዋለዷት። እኛ ወንዶቹ ጀርባችንን ሰጥተን በባትሪ እናበራለን። ብዙ ደም ፈሰሳት። አምቡላንሱ ጋ ስንደርስ ራሷን አታውቅም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ሁለቱም ተርፈዋል። ልጅቷ አሁን ትድሃለች። እናቷ ግን እስከዛሬ በዚያ ማዕዘን አታልፍም።

በጥበቃው ላይ ምንም ቅሬታ የለንም። እንዲያውም ይህን ጽሑፍ አይታችሁ እሱን እንዳትቀጡት አደራ እላለሁ። ጥፋቱ የሌሊት በር ማን እንደሚከፍት ትዕዛዝ ያልሰጠው ሰው ነው። ነገሩ በተፈጠረ በሳምንቱ በደብዳቤ አመለከትን። መልስ አልመጣም።

ቀጥዬ የማነሳው ባዶውን መሬት ነው። ይህን እናንተም በመስኮታችሁ ታዩታላችሁ። ከአጥሩ ውስጥ ግማሽ የሚሆነው ቦታ እስካሁን ሕንፃ አልተሠራበትም። ያ መሬት የወል ግጦሻችን ነበር። ያኔ ሲወሰድ «ለሁለተኛው ምዕራፍ በአስቸኳይ ይፈለጋል» ተባልን። 12 ክረምት አለፈ። የተሠራው ነገር ቢኖር ሣር ማብቀል ነው። በመስከረም ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ጥቅምት ላይ በጨረታ ይሸጣል። ያሸነፈው ነጋዴ ከከተማ አይሱዙ ይዞ መጥቶ ጭኖ ይሄዳል።

ከብቶቻችን ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያዩታል። የግጦሽ መሬት ከሌለ በሬ አይኖርም፤ በሬ ከሌለ እርሻ የለም። አጥሩ አጠገብ ያሉ አንድ አባት ጥንድ በሬ ነበራቸው። በአራሽነታቸው የታወቁ ናቸው። መኖ መግዛት ሲያቅታቸው አንዱን ሸጡ። አሁን በመቀናጆ ነው የሚያርሱት። የባልንጀራቸው ማሳ እስኪታረስ ይጠብቃሉ። ዝናቡ ግን እሳቸውን አይጠብቅም። ባለፈው ዓመት ዳጉሳቸው በጊዜ ስላልተዘራ ፍሬ ሳይዝ ቀረ። ለእኚህ ሰው ማንም ካሳ አልከፈለም፤ የወል መሬት በማንም የይዞታ ደብተር ላይ አልተጻፈምና።

እንግዲህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። የታጠረው ባዶ ሆኖ እያለ አዲሱ ችካል ለምን አስፈለገ? አንድ ሺህ ተማሪ የሚይዝ ዶርም ወደ ላይ ቢሠራ የሚፈልገው መሬት ስንት ነው? ወደ ጎን ቢዘረጋስ? ይህንን ሒሳብ እናንተ ግቢ ውስጥ የሚያስተምሩ የከተማ ፕላንና የግንባታ መምህራን አሉ። ጠይቋቸው። እኛም መልሱን ማየት እንፈልጋለን።

ጎርፉ ደግሞ አለ። በእኛ አገር የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት አራት ወር ነው። ድሮ ያ ዝናብ ሣሩ ላይ አርፎ መሬት ውስጥ ይሰርግ ነበር። አሁን ጣሪያው አለ፣ አስፋልቱ አለ፣ ኮብልስቶኑ አለ። የሚሰርግበት ቦታ የለም። ውኃው ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ የሲሚንቶ ቱቦ ከአጥሩ ሥር ይወጣል። ቱቦው የሚያበቃው እኛ መንደር ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ቦይ የለም። ወንዙ ግን ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው።

ቱቦው ፊት ለፊት አንዲት እናት ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ጎርፉ በጓሮ በር ገባ። የጭቃ ጎታቸው ከሥሩ ራሰና ተናደ። ውስጡ የዓመት ዳጉሳ ነበር። ጠዋት ስሄድ እህሉን ከጭቃው እየለቀሙ በሰፌድ ያጥቡ ነበር። ከዚያ ለማድረቅ አሰጡት። ሐምሌ ነው፤ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ሻገተ። ሽታው ለሳምንት ከመንደር አልወጣም። መሐንዲስ ልካችሁ እንድታዩ ጠየቅን። አንድ ሰው መጥቶ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሄደ። ባለፈው ክረምት ጎርፉ እንደገና ገባ። ይህ ክረምትም መጥቷል።

ስለ ፍሳሹም ዝም ማለት አንችልም። የመጸዳጃና የካፌ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ኩሬ የተሠራው ለቀድሞው ተማሪ ብዛት ነው። ተማሪው ጨመረ፤ ኩሬው አልጨመረም። ክረምት ሲሆን ይሞላና ወደ ወንዛችን ይፈሳል። ወንዙ በደንገሉ መሃል አልፎ ጣና ይገባል። ድሮ ልብስ የምናጥብበት፣ ከብት የምናጠጣበት ወንዝ ነው። አሁን እናቶች ልጆቻቸውን ከዚያ ውኃ ያባርራሉ።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክምችት ሆኖ ተመዝግቧል። እምቦጭም ሐይቁን ከወረረው ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። እምቦጭን የሚያፋፋው በውኃው ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ መሆኑን የተማርኩት ከዚሁ ግቢ ከመምህራኖቼ ነው። ከእርሻችን የሚታጠበው ማዳበሪያም የራሱ ድርሻ እንዳለው እናውቃለን፤ ከደሙ ንጹሕ ነን አንልም። ነገር ግን ገበሬው እምቦጭ ሊነቅል ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ ከላይ በኩል ፍሳሽ የሚለቅ የትምህርት ተቋም ሊኖር አይገባም። ይህ ከሁሉም በላይ ያሳፍረኛል። የተማርኩበት ግቢ ነው።

ወደ ካሳው ልምጣ። ያኔ የተከፈለን በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ማለት ነው። አባቴ ሦስት ቃዳ ማሳ ለቀቀ፤ አንድ ቃዳ የሄክታር ሩብ ነው። በገንዘቡ ቤታችንን ቆርቆሮ አለበስን፣ እህቴን ዳርን፣ የቀረው በሁለት ዓመት አለቀ። አባቴ ጣሪያውን እያየ «ጥሩ ቤት ነው፤ ግን እህል አይበቅልበትም» ይላል። ስላባከንን አይደለም። ገበሬ የሚያውቀው መሬት ማስተዳደር ነው። በአንድ ቀን ብዙ ብር እጁ ላይ ሲገባ የሚመክረው ሰው አልነበረም። «ሥልጠና ይሰጣል» የሚለውም ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፎ ቀርቷል።

በተለይ አንድ ነገር እንዳይደገም እለምናችኋለሁ። በእኛ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ። ይህ ለሴቶች ትልቅ ነገር ነበር። ካሳው ሲከፈል ግን ገንዘቡ በባል ስም ብቻ ወጣ። አንዲት የመንደራችን ሴት ባሏ ገንዘቡን ተቀብሎ «ከተማ ሥራ ልጀምር» ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። እሷ ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች። ደብተሩ አሁንም ሳጥኗ ውስጥ አለ። አንድ ቀን አውጥታ አሳየችኝ። ሁለቱም ፎቶ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። «የኔ ፎቶ ለምን ነበር?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። አሁን እሷ የተማሪ ልብስ እያጠበች ነው የምትኖረው።

ስለ ሥራ ዕድል ብዙ አልልም። ለጥበቃና ለጽዳት ቅድሚያ ለተነሺ ልጆች ይሰጣል ተብሎ ነበር። አሁን ቅጥሩ በኤጀንሲ ነው። ኤጀንሲው ሰው የሚያመጣው ከፈለገበት ነው። የአጥሩ ዙሪያ መብራትም ቃል የተገባ ነው፤ አልበራም። ከግቢ ውጭ ተከራይተው የሚኖሩ ሴት ተማሪዎች ማታ በዚያ ጨለማ ነው የሚያልፉት። እነሱም የኛ ልጆች ናቸው። እናቶቻችን ደጅ ቆመው በባትሪ የሚያሳልፏቸው ጊዜ አለ።

ሕጉ ከእኛ ጋር መሆኑንም አንብበናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን የሚነኩ ፕሮጀክቶች ሲኖሩ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀለ ወይም ኑሮው ለተነካ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ምትክ እንዲያገኝ ያዛል። በ2016 ዓ.ም. የተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ተነሺዎችን መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማወያየት ግዴታ መሆኑን ደንግጓል። አዋጁ ሲወጣ ምትክ መሬት ከሌለ ካሳው ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈል አዟል። ለወል መሬትም ካሳ እንዲታሰብ ያዛል። ተነሺዎች እንዲቋቋሙ ማገዝም አለበት ይላል። ማክሰኞ ጠዋት በፒካፕ መጥቶ ችካል መትከል ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው?

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

በመጀመሪያ፣ ስለ ችካሉ በጽሑፍ ንገሩን። ጥናት ብቻ ከሆነ «ዝሩ» የሚል ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ለቀበሌው ይድረስ። ያልዘሩት ሰዎች አሁንም ለዳጉሳ ይደርሳሉ። መሬቱ በእርግጥ የሚፈለግ ከሆነም ካርታውን አሳዩን፤ ውይይቱም ሕጉ በሚለው ጊዜና መንገድ ይሁን። በአጥሩ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ምን እንደሚሠራበት ሳይነገረን ግን አንድም ተጨማሪ ማሳ እንዲወሰድ አንስማማም። ቦታው እስኪገነባ ድረስ ሣሩ በጨረታ መሸጡ ቀርቶ ለግጦሽ መሬቱ የቀድሞ ባለቤቶች ይሰጥ። አጭደን እንወስዳለን፤ ከብት አናስገባም፤ ሕንፃ አጠገብም አንደርስም።

የኋላ በር ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ለእግረኛ ይከፈት። መታወቂያ ጠይቁን፤ ፈትሹን፤ ቅር አይለንም። ከዚያ ሰዓት ውጭ ለታመመ፣ ለወላድና ለአስከሬን የሚከፍት ሰው ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ይደር። ይህ ግንባታ አይፈልግም፣ በጀት አይፈልግም። አንድ ትዕዛዝ ነው። ነሐሴ ሳይመጣ መሰጠት ይችላል።

የጎርፉ ቱቦ እስከ ወንዙ በቦይ ይቀጥል። ቁፋሮውን ጉልበት አዋጥተን እኛ እንቆፍራለን። ድንጋይም ከመንደሩ እናቀርባለን። ከእናንተ የምንፈልገው መሐንዲስና ሲሚንቶ ነው። የፍሳሽ ኩሬውም ለተማሪው ብዛት እንዲመጥን ይስፋፋ። እስከዚያው የወንዙ ውኃ በየወሩ ተመርምሮ ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ላቦራቶሪው እናንተ ጋ ነው፤ ናሙና የሚቀዱ ተማሪዎችም እናንተ ጋ ናቸው። «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚባለው ሥራችሁ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለናል።

ወደፊት ካሳ የሚከፈል ከሆነ ደብተሩ ላይ ፎቷቸው ያለ ሁለቱም ሰዎች በተገኙበት፣ በሁለቱ የጋራ ሒሳብ ይግባ። ከኤጀንሲ ጋር ውል ስትፈርሙ ከተነሺ ቤተሰብ ስንት ሰው እንደሚቀጠር ውሉ ውስጥ ጻፉ። ማስፋፊያውን በሚመራው ኮሚቴ ውስጥም ከመንደሩ ሁለት ሰው ይግባ። አንዷ ሴት ትሁን። ማንን እንደምንልክ አስቀድመን ተስማምተናል።

ያላችሁን ችግርም እንረዳለን። የሚመደብላችሁን ተማሪ መቀበል አለባችሁ። በጀት ሲለቀቅ መሥራት አለባችሁ። ቢሆንም የእናንተ ችኮላ በእኛ ማሳ ላይ ብቻ ሊወራረድ አይገባም።

የሚቀጥሉትን ሁለት እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለው ሾላ ሥር እንጠብቃችኋለን። የሚወስን ሰው ላኩልን። ካርታውን ይዞ ይምጣ። እኛ ቃለ ጉባኤውን ይዘን እንመጣለን። አስፋልት ላይ ወርዶ በእግሩ አጥሩን ዞሮ ቢመጣ ደግሞ መንገዱን ራሱ ያየዋል።

ከአክብሮት ጋር

የካምፓሱ አጎራባች ነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ፣
የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርና የግቢው የቀድሞ ተማሪ
ባሕር ዳር፣ ሰኔ

ግልባጭ፦
ለከተማው አስተዳደር
ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት
ለአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ኃላፊዎች
ለተማሪዎች መማክርት